«ይህን ልብስ አውልቅ» ከማለት በፊት፦ የአመጸኛው ተጫዋች ሹሩባ፣ የአበበ ባዶ እግርና የአፉላ ልጆች

አፉላ ውስጥ ወደ ማታ የይዝራኤል ሸለቆ ሙቀት በረድ ሲል፣ ሽማግሌዎች ከየሕንፃው ሥር ወዳሉት አግዳሚ ወንበሮች ይወጣሉ። ነጠላውን አጣፍቶ የሚመጣ አለ፤ ከዘራውን ተመርኩዞ የሚመጣ አለ። ከተማዋ የምትታወቅበትን የተቆላ ሱፍ በእጁ ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። ወሬው ስለ ጤና፣ ስለ ሰርግና ስለ ለቅሶ ነው። ከዚያ የልጅ ልጅ ኳሱን እያነጠረ በፊታቸው ሲያልፍ ወሬው ወደ እሱ ይዞራል። ጸጉሩን ሹሩባ ተሠርቷል። ቁምጣው ከጉልበቱ ወርዷል። በአንድ ክንዱ ላይ ብቻ ጥቁር እጅጌ አጥልቋል።

«አንተ ልጅ፣ ሌላኛው እጅጌህ የት ቀረ?» ይላሉ አያት።

«ፋሽን ነው አባባ!» ይልና እየሳቀ ይሄዳል።

እንዲህ ያለው ጨዋታ በአፉላ ብቻ ሳይሆን ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሰፈር ሁሉ የሚሰማ ነው። ሁልጊዜ ግን በሳቅ አያልቅም። «ወንድ ልጅ እንዴት ሹሩባ ይሠራል?» የሚል አባት አለ። ልጁ ተነቅሶ የመጣ ቀን እህል አልበላ ያለች እናት አለች። «ያሳደግነው ልጅ የማን ልጅ ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤት ገብቷል። ልጁም በበኩሉ «አይረዱኝም» ብሎ በሩን ይዘጋል።

ለመሆኑ ይህ አለባበስ ከየት መጣ? ብዙው ነገር የመጣው ከአንድ ሰው ነው። የእጅጌው ታሪክ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከሚገምቱት የተለየ ነው።

ክርኑን ያመመው ተጫዋች

አለን አይቨርሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሃምፕተን በተባለች ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እናቱ ስትወልደው ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ልጅነቱ የድህነት ነበር። በ17 ዓመቱ አንድ መጫወቻ ቤት ውስጥ በነጮችና በጥቁሮች መካከል በተነሣ ጸብ ተከሶ እስር ቤት ገባ። የግዛቱ ገዥ በምሕረት አስወጡት፤ ኋላም በ1995 ፍርዱ ተሻረለት።

በ1996 የፊላደልፊያ ቡድን ከአዲሶቹ ተጫዋቾች ሁሉ አስቀድሞ እሱን መረጠው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ሳንቲም ያህል ነው። ለመንገደኛ ረጅም ነው፤ ለኤን.ቢ.ኤ. የቅርጫት ኳስ ግን አጭር ነው። ሆኖም ከእሱ በብዙ የሚረዝሙትን እያታለለ ያልፍ ነበር። በ2001 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ቡድኑንም እስከ ፍጻሜው ጨዋታ አደረሰ።

ከጨዋታው እኩል የተወራለት ግን መልኩ ነው። በዚያ ዘመን ታላቅ ተጫዋች ማለት ከጨዋታ በኋላ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ በጋዜጠኞች ፊት የሚቀመጥ ሰው ነበር። ማይክል ጆርዳን እንደዚያ ነበር። አይቨርሰን ግን ያደገበትን ሰፈር ልብስ ለብሶ መጣ፤ ሰፊ ሱሪ፣ ረጅም ካናቴራ፣ ቆብ፣ የአንገት ሰንሰለት። ገላውን በንቅሳት ሞላው። ጸጉሩን ሹሩባ ተሠራ። የሹሩባውን ምክንያት ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ ቡድኑ ከከተማ ከተማ ሲዞር ጸጉሩን አስተካክሎ የሚቆርጥለት ሰው ማግኘት ቸግሮት ነበር። ሹሩባ ከተሠራ ለብዙ ቀን ይቆያል።

የእጅጌውም ነገር እንዲሁ ነው። በ2001 መጀመሪያ ላይ የቀኝ ክርኑ አብጦ ያመው ጀመር። እንዲሞቀውና እንዲደግፈው ብሎ ክንዱ ላይ እጅጌ አጠለቀ። መድኃኒት መሆኑ ነው። ሆኖም ያን ዓመት እሱ የዓመቱ ምርጥ ስለነበር፣ ክርናቸውን ምንም ያላመማቸው ተጫዋቾችም ማጥለቅ ጀመሩ። ቀጥሎ የስፖርት ልብስ ሻጮች አመረቱት። እነሆ ዛሬ አፉላ ውስጥ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ጤነኛ ክንዱን በእጅጌ ሸፍኖ ይጫወታል። አያቱ «ሌላኛው እጅጌህ የት ቀረ?» ሲሉት መልስ የሚያጣው ለዚህ ነው። የታሪኩ መጨረሻ ብቻ ደረሰው እንጂ መጀመሪያው አልደረሰውም።

ደንብ ወጣ፤ ገበያውም ደራ

የአሜሪካ ትልልቅ ሰዎችም እንደ አፉላ ሽማግሌዎች ነው ያሉት፤ «ይህ ምን ዓይነት አለባበስ ነው?» የሊጉ መጽሔት አንድ ጊዜ የአይቨርሰንን ፎቶ በሽፋኑ ላይ ሲያወጣ ንቅሳቱን በኮምፒውተር አጥፍቶ ነበር። ተጫዋቹም ንቅሳቶቹ የእናቱን፣ የቤተሰቡንና የጓደኞቹን ነገር የያዙ ናቸውና ተቆጣ።

በኖቬምበር 2004 ዲትሮይት አቅራቢያ በተጫዋቾችና በተመልካቾች መካከል ከባድ ድብድብ ተነሣ። የሊጉ ስም ጎደፈ። በኦክቶበር 2005 የሊጉ ኃላፊ ዴቪድ ስተርን የአለባበስ ደንብ አወጡ። ተጫዋቾች በሥራ ላይ ሲሆኑ እጅጌ የሌለው ካናቴራ፣ ቁምጣ፣ ቆብ፣ ከልብስ በላይ የሚንጠለጠል ሰንሰለት፣ ቤት ውስጥ የጸሐይ መነጽር ማድረግ ተከለከለ። አይቨርሰን ከተቃወሙት አንዱ ነበር። ልብስ መቀየር የሰውን ጠባይ አይቀይርም፤ ደንቡም ያነጣጠረው በጥቁር ወጣቶች አለባበስ ላይ ነው የሚል ነበር ክርክሩ። በሌላ በኩል «ሥራ ቦታ የሥራ ልብስ አለው፤ ደመወዝ የሚከፍል ደንብ ያወጣል» ያሉ የቀድሞ ተጫዋቾችም ነበሩ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው።

ከደንቡ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አልጠበቀውም። ተጫዋቾቹ ልብስ ሰፊ መቅጠር ጀመሩ፤ ማን ከማን ይበልጥ ይለብሳል የሚል ፉክክር ተነሣ። ዛሬ ተጫዋች ከመኪናው ወርዶ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሲሄድ ፎቶ አንሺዎች እንደ ሙሽራ ይከቡታል። የልብስ ኩባንያዎችም ለዚያች መንገድ ብለው ይከፍላሉ። የተነቀፈው ሹሩባና ንቅሳትም ቢሆን አልጠፋም፤ ዛሬ የተነቀሱ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። አይቨርሰን ራሱ በ2016 በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ስሙ ሰፈረ። ገና ከጅምሩ በስሙ ጫማ የሠራለት ሪቦክ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ2023 የቅርጫት ኳስ ክፍሉ ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። ትናንት «አውልቅ» የተባለው ሰው ዛሬ የሚሸጠውን ከሚወስኑት አንዱ ሆነ።

ሽማግሌዎች ይህን ማወቃቸው አንድ ጥቅም አለው። ልጁ «የራሴ ምርጫ ነው» ሲል ሙሉ በሙሉ እውነት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ያ ምርጫ የአንድ ሰው ችግር ነበር፤ ከዚያ አመጽ ተባለ፤ ከዚያ ዕቃ ሆኖ መደብር ገባ። ልጁ ጋ የደረሰው በሰቅል ተተምኖ ነው።

በሮም ጎዳና ባዶ እግሩን

የዚህ ዓይነት ታሪክ ለኢትዮጵያ ሽማግሌ አዲስ አይደለም። ከአይቨርሰን 40 ዓመት በፊት የሆነውን እነሱ ራሳቸው ያስታውሳሉ፤ ያልደረሱበትም ሰምተው አድገዋል።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ 11 ቁጥርን ደረቱ ላይ ለጥፎ በሮም ከተማ ማራቶን ተሰለፈ። ጫማ አላደረገም። ሮም ላይ ያገኘው ጫማ እግሩን አልተስማማውም፤ እሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ደግሞ በባዶ እግር መሮጥን በልምምድ ያውቁታል። ስለዚህ ለመደው መንገድ ሄደ። ከጣልያን ጦር ጋር የተዋጋች አገር ልጅ፣ ከአክሱም ተነቅሎ ሮም ላይ በቆመው ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በሆነ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ።

አበበ አመጸኛ አልነበረም። ዝምተኛ ወታደር ነበር። ይሁን እንጂ ባዶ እግሩ ዓለምን አነጋገረ። በተለይ የጫማ ሠሪዎችን እንቅልፍ ነሣ። በቀጣዩ ዓመት ጃፓን ውስጥ ሊሮጥ ሲሄድ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለ ጫማ ሠሪ ለምኖ ጫማውን አስደረገው። ያ ኩባንያ ዛሬ አሲክስ ይባላል። በ1964 በቶኪዮ አበበ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ ነበር። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ አላበቃም። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ቪብራም የተባለ የጣልያን ኩባንያ እንደ እግር ጣት ያለው ስስ ጫማ ሠርቶ «ቢቂላ» ብሎ ሸጠው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካና በአውሮፓ በባዶ እግር መሮጥ ፋሽን ሆኖ ነበር። በልጅነቱ ባዶ እግሩን ሄዶ የማያውቅ ሰው ስሱን ጫማ ገዝቶ አስፋልት ላይ ሮጠ። ኩባንያው ጫማው ለጤና ይጠቅማል ብሎ አስተዋውቆ ስለነበር ተከሰሰ፤ በ2014 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለገዢዎች ለመክፈል ተስማማ። የአበበ ቤተሰብም «ስማችንን ሳትጠይቁን ሸጣችሁ» ብለው በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ግን በ2016 ክሱን ዘጋው፤ ምክንያቱም ስሙ ጥቅም ላይ መዋሉን እያወቁ ለመክሰስ ዘግይተዋል የሚል ነበር።

ሰዎቹ የአበበን እግር አዩ። ከእግሩ በፊት የነበረውን የዓመታት ልምምድ አላዩም። ከክርን ሕመሙ ተለይቶ የተሸጠው የአይቨርሰን እጅጌም ያው ነው።

ሹሩባስ የማን ነው?

አሁን ወደ ሹሩባው እንመለስ፤ ምክንያቱም ሽማግሌዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣው እሱ ነው። «የሴት ነው» ይባላል፤ «የአሜሪካ ዱርዬ ነው» ይባላል።

የጎንደር ሰው ግን ይህን ከማለቱ በፊት አንድ ሥዕል ማስታወስ አለበት፤ የዐፄ ቴዎድሮስን። ካሳ ኃይሉ ያ የሚታወቀው ጀግና በሥዕልም በሐውልትም የሚታየው ጸጉሩን ወደ ኋላ ሹሩባ ተሠርቶ ነው። በአገር ቤት ሹሩባና ጎፈሬ የጦረኛ ምልክትም ነበሩ። ቴዎድሮስ በ1868 መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከጸጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ለንደን ውስጥ በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከቆየ በኋላ በማርች 2019 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። አንድ አገር ለአንድ ዘለላ ጸጉር ብሎ ሲለምን ኖሯል ማለት ነው። ጸጉር ተራ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የአፉላው ልጅ ሹሩባውን ከአይቨርሰን ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ አያቱ ግን ከፊላደልፊያ ቀድሞ ጎንደር እንደነበረ ሊነግሩት ይችላሉ። «ቁረጠው» ከማለት «ይህ የማን እንደሆነ ታውቃለህ?» ማለት ልጁን ያስቀምጠዋል፤ ያዳምጣልም።

ንቅሳት ግን ሌላ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 በግልጽ ይከለክለዋል፤ ቄሶችም ረቢዎችም በዚህ አይለያዩም። ሽማግሌ ይህን ለልጅ ልጁ መናገሩ ግዴታው ነው። ይሁን እንጂ በአገር ቤት አንገታቸውን፣ ግንባራቸውን ወይም እጃቸውን የተነቀሱ እናቶችና አያቶች ከቤተ እስራኤልም ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹ ስለ ውበት፣ አንዳንዶቹ በዙሪያቸው የነበረው ሕዝብ እንዳይለያቸው ብለው ተነቅሰዋል። ያ ታሪክ በቤት ውስጥ ካልተነገረ፣ ልጁ የአያቱን ግንባር እያየ «እናንተስ?» ማለቱ አይቀርም። ከተነገረው ግን ንቅሳት የማይለቅ ነገር መሆኑን፣ አንዳንዴም ሰው በኋላ የሚጸጸትበት መሆኑን ከአያቱ በላይ የሚያስተምረው የለም።

ከልብሱ በስተጀርባ ያለው ፍርሃት

ብዙ ሽማግሌዎች «ልብስህን ቀይር» ሲሉ የሚያስቡት ስለ ፋሽን አይደለም። ልጁ ማታ ከኳስ ሜዳ ሲመለስ ባለ ቆብ ሹራቡን ደፍቶ ፖሊስ እንዳያስቆመው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት ከመሬት የመጣ አይደለም። በ2015 የማኅበረሰቡ ልጆች አደባባይ የወጡት አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር በፖሊስ ሲመታ በቪዲዮ ከታየ በኋላ ነው። በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በነበሩት በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ የሚደርሰውን ዘረኝነትና ከመጠን ያለፈ የፖሊስ ክትትል በሪፖርቱ አነሣ። በ2019 ደግሞ ሰለሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ሲሞት አገሩ ሁሉ ተናወጠ።

በ2015 የተመታው ልጅ የለበሰው የአገሪቱን የሠራዊት ልብስ እንደነበረ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሹሩባ አልነበረም፤ ሰንሰለት አልነበረም። ልብስ መቀየር ብቻውን ልጅን አይጠብቅም። ዴቪድ ስተርንና አይቨርሰን የተከራከሩበትም ጉዳይ ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ከልብሱ ነው ወይስ ከሚያየው ዓይን?

ስለዚህ ፍርሃቱን በቁጣ ከመሸፈን ፍርሃት ነው ብሎ መናገር ይሻላል። «ይህን ስትለብስ አፍርብሃለሁ» የተባለ ልጅ ይሸሻል። «ማታ ስትዘገይ እፈራልሃለሁ፤ ደውልልኝ» የተባለ ልጅ ግን ይደውላል። መብቱን ማወቁ፣ መታወቂያ ሲጠየቅ በጨዋነት መመለሱ፣ ለወላጆቹ ወዲያው መንገሩ ከልብሱ ይልቅ ይጠቅመዋል።

አያቶች የተራመዱበት እግር

ስለ ጫማ ሲነሣ አንድ ነገር መባል አለበት። ዛሬ አንድ የስፖርት ጫማ ብዙ መቶ ሰቅል ያወጣል፤ ለአንድ ጡረተኛ የወሩን ወጪ የሚያናጋ ነው። ልጁ «ሁሉም አለው» ይላል። አያት ይናደዳሉ። እሳቸው በ1984 ከጎንደር ወደ ሱዳን በሌሊት ሲጓዙ ኮንጎ ጫማቸው መንገድ ላይ ተበጥሶ ባዶ እግራቸውን የቀጠሉ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ መንገድና በሱዳን ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል።

ልጁ የአበበ ቢቂላን ባዶ እግር በኢንተርኔት ያየው ይሆናል። የአያቱን ባዶ እግር ግን አያውቀውም፤ ስላልተነገረው። ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ያን መንገድ የሚያነሡት በሲግድ ቀን፣ በመታሰቢያው ቀን ወይም በቁጣ ሰዓት ነው። «እኛ ባዶ እግራችንን መጥተን አንተ…» ተብሎ በስድብ መልክ የተነገረ ታሪክ በልጅ ጆሮ አይገባም። ጫማው ከመገዛቱ በፊት፣ ሻይ እየተጠጣ፣ በእርጋታ የተነገረ ግን ይቀራል። ከዚያ ጫማው ይገዛል ወይም አይገዛም፤ ልጁ ግን ዋጋውን ከሰቅሉ በላይ ያውቀዋል።

ዛሬ ከኢትዮጵያ የመጣው የእስራኤል ሯጭ ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳሊያ አጥልቋል። የእሱ ዘመን ሯጮች የሚያደርጉት ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ነው፤ ከአበበ እግር ጋር የማይመሳሰል። መሮጡ ግን ያው መሮጥ ነው። በጫማ ብቻ ሜዳሊያ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ በሱቅ ይሸጥ ነበር።

አፉላ ላይ ጸሐይ ስትጠልቅ ልጁ ከሜዳ ይመለሳል። ላብ አጥልቆታል፤ እጅጌው ወደ ታች ተንሸራቷል። አግዳሚው ላይ ቦታ አለ። አያት ሱፋቸውን ዘግነው ይሰጡታል። በዚህ ሰዓት «አውልቅ» ከማለት ይልቅ «ና ተቀመጥ፤ ይህን እጅጌ መጀመሪያ ያጠለቀው ሰው ለምን እንዳጠለቀው ታውቃለህ?» ብሎ መጀመር ይቻላል። ልጁ ካላወቀ አያት ይነግሩታል። ከአይቨርሰን ክርን ወደ ቴዎድሮስ ሹሩባ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን መንገድ ለመድረስ አንድ ምሽት ይበቃል።